የመሠረት ድንጋይን ከጉድጓድ ናሙና ለይቶ ማወቅ፦ የኦጋዴንን ተፋሰስ ምሳሌ ያደረገ ዝርዝር መመሪያ

በኦጋዴን የኖራ ድንጋይ፣ የጂፕሰምና የአሸዋ ድንጋይ ንጣፎች ሥር የፕሪካምብሪያን ዘመን መሠረት ድንጋይ፣ ማለትም ከዝቃጭ ንጣፎቹ ሁሉ በታች ያለው ጥንታዊ ክሪስታላዊ ድንጋይ፣ ተኝቷል። ይህ ዓይነቱ ድንጋይ በሐረር ዙሪያ፣ በአዶላ፣ በወለጋና በትግራይ ገጽ ላይ ወጥቶ ይታያል። በተፋሰሱ መሀል ግን የሚገኘው በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ነው፤ እዚያ ድረስ የሚዘልቁ ጉድጓዶችም ጥቂት ናቸው። አንድ ጉድጓድ ሲዘልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ከጥፍር ያነሰ ፍርፋሪ ነው። በዚያ ፍርፋሪ ላይ የሚሰጠው ስም የሳይስሚክ ካርታውን ወለል፣ የተፋሰሱን የሙቀት ስሌትና የአሸዋ ድንጋዮቹን ምንጭ ሁሉ ይወስናል። ስሙ ከተሳሳተ ስህተቱ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላም በየሪፖርቱ እየተገለበጠ ይኖራል።

ይህ መመሪያ በሪግ (በቁፋሮ ማማ) ላይ ለሚሠራ የጉድጓድ ጂኦሎጂስትና ከቆዩ የናሙና ሣጥኖች ተነሥቶ ለሚያጠና ተመራማሪ ነው።

«መሠረት ድንጋይ» ለማለት የሚያበቃው ምንድን ነው?

ሮዝ ፌልድስፓር ስለታየ ብቻ መሠረት ድንጋይ ተደረሰ አይባልም። በመሠረት ድንጋዩ ላይ በቀጥታ የተቀመጠው አሸዋ ድንጋይ ብዙ ጊዜ የተሠራው ከራሱ ከመሠረቱ ስባሪ ስለሆነ ኳርትዙም፣ ፌልድስፓሩም፣ ማይካውም አንድ ዓይነት ነው። በኦጋዴን ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር መሠረት ድንጋይ፣ ካሉብ አሸዋ ድንጋይ፣ ቦክ ሼል (ሼል ደቃቅና በንጣፍ የሚሰነጠቅ የጭቃ ድንጋይ ነው)፣ ጉምቡሮ አሸዋ ድንጋይ፣ አዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም የሐማንሌይ የኖራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ወደ ወለሉ ሲጠጋ የሚጠበቀው አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ጭንቀቱም ያለው የካሉብ አሸዋ አብቅቶ ግራናይት ወይም ናይስ (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ድንጋይ) የሚጀምርበትን ሜትር በመለየት ላይ ነው።

ውሳኔው ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ይሰጥ። አንደኛ፣ በአንዲት ፍርፋሪ ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ማዕድናት ያለ ማያያዣ ሲሚንቶ እርስ በርስ ተጣብቀው ያደጉ መሆናቸው ይታይ። ሁለተኛ፣ ይህ ቢያንስ ለ20 ሜትር ሳይቋረጥ ይቀጥል። ሦስተኛ፣ የመሰርሰር ፍጥነቱና የኤሌክትሪክ ሎጎቹ (ወደ ጉድጓዱ በሚወርድ መሣሪያ የሚመዘገቡት ልኬቶች) ይስማሙ። የዕድሜ ልኬት ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል እንጂ እነሱን አይተካም።

የናሙናውን መውጫ ጊዜ ማስላት

ከጉድጓዱ ግርጌ የተቆረጠ ድንጋይ ወደ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። ይህ ጊዜ ካልታወቀ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ጥልቀት ሐሰት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የጉድጓዱ ዲያሜትር 8½ ኢንች፣ የመሰርሰሪያ ቧንቧው ውጫዊ ዲያሜትር 5 ኢንች ከሆነ በቧንቧውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት በሜትር 24 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጥልቀቱ 3500 ሜትር ቢሆን ድምሩ 84 ሜትር ኩብ ነው። ፓምፑ በደቂቃ 2000 ሊትር የቁፋሮ ጭቃ (ፍርፋሪውን ወደ ላይ የሚያወጣውን ፈሳሽ) የሚገፋ ከሆነ ፍርፋሪው ከ42 ደቂቃ በኋላ ይወጣል። ላይኛው ክፍል በ9⅝ ኢንች ኬሲንግ (የግድግዳ መሸፈኛ ቧንቧ) የተሸፈነ ቢሆን የውስጥ ስፋቱ ከ8½ ኢንች ብዙም ስለማይርቅ ለመጀመሪያ ግምት ይኸው ቁጥር ይበቃል።

ይህ ግን ጉድጓዱ ልክ በቢቱ (ድንጋዩን በሚቆርጠው የመሰርሰሪያ ጫፍ) ስፋት ተቆፍሯል ከሚል ግምት የተነሣ ነው። ሼል ተቦርቡሮ ከሰፋ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ በካልሲየም ካርባይድ ፈትሹት፦ ቧንቧ ሲቀጠል ጥቂት ካርባይድ በወረቀት ጠቅልላችሁ ወደ ቧንቧው ጣሉ። ከውኃ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው አሲታይሊን ወደ ላይ ሲደርስ በጋዝ መለኪያው ላይ ይታያል። በምሳሌያችን ቧንቧው ውስጥ ለመውረድ 16 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ ጠቅላላው ዙር 58 ደቂቃ መሆን አለበት። በ66 ደቂቃ ከመጣ የ8 ደቂቃው ልዩነት 16 ሜትር ኩብ ትርፍ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው፤ የመውጫው ጊዜም 50 ደቂቃ ተብሎ ይታረም። ፈተናው በየ300 ሜትሩ ይደገም፤ ወደ መሠረቱ ሲቃረብ ደግሞ በየ100 ሜትሩ።

ናሙና አወሳሰድ

ከላይ ባሉት ንጣፎች በየ5 ወይም 10 ሜትር መውሰድ የተለመደ ነው። ካሉብ አሸዋ ውስጥ ከተገባ በኋላ ወደ 2 ሜትር፣ የመሰርሰር ፍጥነቱ በድንገት ሲወርድ ወደ 1 ሜትር አጥብቡት። ለምሳሌ በሰዓት 8 ሜትር ይሄድ የነበረው ወደ 2 ሜትር ሲወርድና ቶርኩ (የማሽከርከሪያው ኃይል) መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቁፋሮውን አቁሞ ግርጌው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በማዘዋወር ማውጣት የሚያስቆጭ ጊዜ አይደለም።

ናሙናው ፍርፋሪውን ከጭቃው ከሚለየው ነውጥ ወንፊት ጫፍ ላይ በአንድ ጊዜ የሚዘገን እፍኝ መሆን የለበትም። ከወንፊቱ ሥር ጣውላ ወይም ባልዲ አስቀምጡና በተወሰነው ሜትር ሙሉ የወረደውን አደባልቃችሁ ውሰዱ፤ ከዚያም ባልዲውን አጥባችሁ ለሚቀጥለው አዘጋጁ። የወንፊቱ መረብ ደቃቁን ስለሚያሳልፍ ከአሸዋ ማጣሪያው መውጫም ትንሽ ጨምሩበት።

መጠኑን በተመለከተ መሰሰት አያስፈልግም። በ8½ ኢንች ጉድጓድ አንድ ሜትር ግራናይት 97 ኪሎ ያህል ድንጋይ ይሰጣል። ከዚያ ውስጥ ለመግለጫ 1 ኪሎ ያልታጠበ ናሙና፣ ለዕድሜ ልኬት ደግሞ ከመሠረቱ ክፍል ቢያንስ 5 ኪሎ አስቀሩ። ብዙ ጥናት የሚሰናከለው ከጊዜ በኋላ የተገኘው ከረጢት 30 ግራም ብቻ ይዞ ሲገኝ ነው።

የቢቱ ዓይነት ናሙናውን ከሚገመተው በላይ ይጎዳል። ሰው ሠራሽ የአልማዝ ጥርስ ያለው ቢት ጠንካራ ድንጋይን ወደ ዱቄት ይፈጫል፤ በተርባይን የሚሽከረከር አልማዝ የተቀበረበት ቢት ከዚያም ይብሳል። ከዱቄት ውስጥ የማዕድናትን አጣማመር ማየት አይቻልም። ባለሦስት ጎማ ቢት ግን ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍርፋሪ ይሰጣል። መሠረቱ ይጠበቃል በሚባልበት ጥልቀት ይህ ቢት እንዲወርድ ከቁፋሮ ኃላፊው ጋር አስቀድሞ መስማማት ይገባል።

ማጠብና ማበጠር

ጭቃው ውኃ ላይ የተመሠረተ ከሆነ በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ዘይት ላይ የተመሠረተ ከሆነ መጀመሪያ በዚያው በጭቃው መሠረታዊ ዘይት፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ በመጨረሻ በውኃ። ከላይ ወደ ታች የ5 ሚሊ ሜትር፣ የ1 ሚሊ ሜትርና የ125 ማይክሮን ወንፊት ደርድሩ። በላይኛው ላይ የሚቀረው ትልልቅ፣ ጠፍጣፋና ጎባጣ ስባሪ ብዙ ጊዜ ከግድግዳ የረገፈ ነው። በኦጋዴን ጥቁር የቦክ ሼል ከግራናይት ፍርፋሪ ጋር ቢታይ ከላይ የረገፈ ስለሆነ ከድንጋዩ መግለጫ ውስጥ አይገባም፤ በመቶ ስንት እንደሆነ ግን ይመዝገብ።

ናሙናውን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት አድርቁ። ምድጃ ላይ የተጠበሰ ናሙና ሸክላው ተለውጦ ስለሚገኝ የበሰበሰውን የመሠረት ክፍል ለማጥናት አያገለግልም።

ከቢቱና ከቧንቧው የተፋቀ ብረት በማግኔት ይወጣል። ማግኔቱ ግን ማግኔታይቱንም አብሮ ስለሚጎትት በወረቀት ጠቅልላችሁ ተጠቀሙና የወጣውን ሳትጥሉ ተመልከቱት። የተጠማዘዘና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ብረት ነው፤ ጥቁር የከሰል መልክ ያለው፣ ስምንት ገጽ የሚመስል ጠጣር ከሆነ የድንጋዩ አካል ነው።

በማይክሮስኮፕ ሥር

ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለውን ክፍል ወስዳችሁ በቢኖኩላር ማይክሮስኮፕ 300 ፍርፋሪ ቁጠሩ። በሁለት ዓምድ ይመዝገብ፦ አንድ ማዕድን ብቻ የያዘ፣ እና ሁለት ወይም ሦስት ማዕድን አንድ ላይ የያዘ። ቆጠራው አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ከዓይን ግምት የሚሻለው እሱ ነው፤ ሁለት ሰዎችም በቁጥር ላይ ለመከራከር ይችላሉ።

ከዚያ በአንዲት ጥሩ ፍርፋሪ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ተቀመጡ። ግራናይት ከሆነች ግራጫና መስታወት መሳይ ኳርትዝ፣ አጠገቡ ጠፍጣፋ ገጽ ያለው ሮዝ ወይም ነጭ ፌልድስፓር፣ በመካከላቸው ጥቁር የባዮታይት ቅጠል ይታያል። በሁለቱ ማዕድናት ድንበር ላይ መርፌ አሳርፉ። ድንበሩ የተቆለፈና የጠራ ከሆነ፣ ነጭ ሸክላም ሆነ የኖራ ማያያዣ ከሌለ፣ ኳርትዙም ክብ ጠርዝ ካላሳየ ድንጋዩ ከቅልጥ ወይም በሜታሞርፊዝም የበሰለ ነው። በአሸዋ ድንጋይ ግን መርፌው ማያያዣውን ፈልቅቆ ቅንጣቱን ነጥሎ ያወጣዋል፤ የወጣው ቅንጣት ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ገጹም ደብዛዛ ነው።

በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፈትኑ፤ ቢፈላ ማያያዣው ካልሳይት ሊሆን ይችላል። በመሠረት ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥም የካልሳይት ደም ሥር ስለሚኖር አሲዱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

የናይስ ምልክት ጥቁሩና ነጩ ማዕድን በመስመር መደርደራቸው ነው። ሺስት በጉድጓድ ውስጥ ስለሚፈርስ ብዙ ልቅ የማይካ ቅጠል ይሰጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጭቃ ወደ ስንጥቅ እንዳይሸሽ የሚጨመረው መድፈኛም ብዙ ጊዜ ማይካ ነው። ለጭቃ መሐንዲሱ መቼና ምን እንደጨመረ ጠይቁ፤ የጨመረው ቅጠል ንጹሕና ወጥ መጠን ያለው ሲሆን የድንጋዩ ቅጠል ኳርትዝ ወይም ጋርኔት ተጣብቆበት ይገኛል። አምፊቦላይት ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ረጃጅም ሆርንብሌንድ ከነጭ ፕላጂዮክሌዝ (የፌልድስፓር ዓይነት) ጋር ያሳያል። ጋርኔት፣ ካያናይት ወይም ሲሊማናይት በፍርፋሪው ውስጥ ተቆልፎ ከታየ የሜታሞርፊክ ድንጋይ ስለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ልቅ የጋርኔት ቅንጣት ብቻ ከሆነ ግን ከአሸዋ ድንጋይም ሊመጣ ይችላል።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ዋናው አሳሳች ከላይ የተጠቀሰው የግራናይት ስባሪ አሸዋ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቋጥኝ ነው። በትግራይ የኤዳጋ አርቢ ዝቃጭ ጥንታዊ የበረዶ ግግር ያመጣው ሲሆን በጭቃ ድንጋይ ውስጥ የመሠረት ድንጋይ ቋጥኞችን ይዟል። ቢት በእንዲህ ያለ ቋጥኝ ላይ ሲያርፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሜትር ንጹሕ ግራናይት ይወጣል፤ ከዚያ ጭቃ ድንጋዩ ይመለሳል። የ20 ሜትሩ ደንብ የወጣው ለዚህ ነው፤ የቁፋሮ በጀቱ ሲያልቅና አለቃው «ይብቃ» ሲል የመጀመሪያው የሚጣሰውም እሱ ነው። 20 ሜትር ካልተቻለ በሪፖርቱ ላይ «ምናልባት መሠረት ድንጋይ» ተብሎ ይጻፍ።

የባዛልት ወይም የዶለራይት ጣልቃ ገብ ድንጋይም ፍጥነቱን ያወርዳል፣ ፍርፋሪውም የተቆለፈ ክሪስታል ያሳያል። ልዩነቱ መደርደር የሌለው፣ ደቃቅ የፕላጂዮክሌዝ መርፌዎች በፒሮክሲን ውስጥ የተሰኩበት መሆኑ ነው፤ ከላይና ከታች ያለው ሼልም በሙቀት ጠንክሮ ይገኛል።

የተበሰበሰው የመሠረት ራስ ደግሞ በተቃራኒው መሠረቱን ያስደብቃል። ፌልድስፓሩ ወደ ካኦሊን፣ ባዮታይቱ ወደ ወርቃማ ወይም አረንጓዴ ቅጠል ተለውጦ ቢቱ በፍጥነት ያልፈዋል፤ በዚህ ጊዜ ጂኦሎጂስቱ «ሸክላማ አሸዋ» ብሎ ይመዘግባል። የበሰበሰው ክፍል የሚጀምርበትና ትኩሱ ድንጋይ የሚጀምርበት ሁለት የተለያዩ ጥልቀቶች ተደርገው ይጻፉ፤ ሳይስሚኩ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው።

በጣም አስቸጋሪው በትግራይ እንደሚታየው ዓይነት በአነስተኛ ሙቀት የተለወጠ ዝቃጭ ድንጋይ ነው። ስሌት የተባለው ከሼል የተለወጠ ድንጋይና ሼል፣ የተለወጠና ያልተለወጠ የኖራ ድንጋይ በዓይን አይለዩም። የሸክላውን ክፍል፣ ማለትም ከ2 ማይክሮን በታች ያለውን፣ ለይታችሁ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን የኢላይትን ጫፍ ስፋት አስለኩ። የኩብለር ጠቋሚ የሚባለው ይህ ስፋት ከ0.42 ዲግሪ በላይ ከሆነ ድንጋዩ ተራ ዝቃጭ ነው፤ ከ0.42 እስከ 0.25 መሸጋገሪያ፣ ከ0.25 በታች ደግሞ እውነተኛ ሜታሞርፊክ ነው። ለእምነ በረድ ትሬሞላይት ወይም ፍሎጎፓይት ፈልጉ።

በመጨረሻ፣ ያረጀ ቢት ሼልን በሰበቃ ሙቀት አብስሎ ስሌት የሚመስል ጠንካራ ቅርፊት ይፈጥራል። በቅርፊቱ ላይ የጥርስ ጭረት ይታያል፣ ሲሰበርም ውስጡ ለስላሳ ነው።

ሎጎቹ የሚሉት

ግራናይት በጋማ ሬይ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 250 ኤፒአይ (የጋማ ሎግ መለኪያ አሃድ) ይሰጣል፤ አምፊቦላይት ከ40 በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከፍተኛ ጋማ ሁሉ ሼል አይደለም፤ ዝቅተኛ ጋማም ሁሉ አሸዋ አይደለም። ጥግግቱ ለግራናይት ከ2.62 እስከ 2.68፣ ለአምፊቦላይት ከ2.9 በላይ ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የድምፅ ሞገድ ጊዜ በፉት ከ50 እስከ 55 ማይክሮ ሰከንድ ሆኖ ጠፍጣፋ መስመር ከሠራ ትኩስ ክሪስታላዊ ድንጋይ ነው። ኒውትሮን ሎግ በባዮታይትና በሆርንብሌንድ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን እንደ ቀዳዳ ስለሚቆጥር የሚያሳየውን ፖሮሲቲ አትመኑ። ጭቃው ባራይት ካለበት የፎቶኤሌክትሪክ ሎጉም ይበላሻል።

ኮር፣ የጎን ኮርና ቲን ሴክሽን

ሦስት ሜትር ኮር (ሳይፈረፈር ተቆርጦ የሚወጣ የድንጋይ ዘንግ) ከመቶ ከረጢት ፍርፋሪ ይበልጣል። ወጪው ካልፈቀደ በሚሽከረከር መቁረጫ የሚወሰድ 25 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የጎን ኮር ጠይቁ። በጥይት የሚወሰደው ዓይነት በጠንካራ ድንጋይ ላይ ወይ አይገባም ወይ ድንጋዩን ያደቅቀዋል።

ፍርፋሪ ብቻ ካለ ከእያንዳንዱ ጥልቀት ከ50 እስከ 100 ምርጥ ፍርፋሪ በኢፖክሲ ውስጥ አድርቃችሁ እስከ 30 ማይክሮን ውፍረት አስቆርጡ፤ ይህ ስስ ቁራጭ ቲን ሴክሽን ይባላል። ፐርታይትና ሚርሜካይት የሚባሉት የፌልድስፓር አጣማመሮችና የተጎነበሰ የፕላጂዮክሌዝ መስመር እዚህ ይታያሉ። ፖታሲየም ፌልድስፓርን በቢጫ ቀለም ለመለየት የሚያስፈልገው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ገዳይ ስለሆነ ጭስ ሳቢ ቁም ሣጥንና ካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በሌለበት ቤተ ሙከራ አይሞከር።

ዕድሜውን መለካት

ለዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ዚርኮን የተባለው ዩራኒየም የያዘ ደቃቅ ማዕድን ነው። ከጉድጓድ ፍርፋሪ ዚርኮን ማውጣት ከገጽ ናሙና የሚለየው በብክለት ነው። ቤንቶናይት ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ሸክላ በመሆኑ የራሱን ወጣት ዚርኮን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ባራይት ደግሞ ጥግግቱ 4.5 ገደማ ስለሆነ ከዚርኮን 4.6–4.7 ጋር በከባድ ፈሳሽ አይለይም። መፍትሔው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሳይፈጭ ማጽዳት። ሁለቱም በአብዛኛው ከ75 ማይክሮን በታች ስለሆኑ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ያለውን ፍርፋሪ ብቻ ወስዳችሁ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ውኃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡ። ከዚያም የተቆለፈ ክሪስታል የሚያሳየውን በእጅ ልቀሙ። ከ200 እስከ 500 ግራም የተለቀመ ግራናይት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የተለቀመው ከ250 ማይክሮን በታች እስኪሆን ይፈጫል፤ ፈጪው በሁለት ናሙና መካከል በንጹሕ ኳርትዝ ይጠረጋል። ቀጥሎ በውኃ ጠረጴዛ፣ በማግኔት መለያና በ3.3 ጥግግት ፈሳሽ ያልፋል። ዚርኮኑ በኢፖክሲ ተተክሎ እስከ መካከሉ ከተሞረደ በኋላ በካቶዶሉሚነሰንስ ምስል ይነሣ፤ ያለ ምስል የተተኮሰ ሌዘር አሮጌ እምብርትና አዲስ ጠርዝ አደባልቆ ትርጉም የሌለው ዕድሜ ይሰጣል። በዩራኒየም–ሊድ ልኬት ጊዜ ዕድሜያቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎች፣ ለምሳሌ 1065 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ዚርኮን 91500 እና 337 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ፕሌሾቪሴ፣ በመካከል በመካከል ይለኩ።

ለግልጽ ግራናይት ከ20 እስከ 30 ጥሩ ነጥብ ይበቃል። አጠራጣሪ ከሆነ ከ100 በላይ ያስፈልጋል። ነጥቦቹ በአንድ ዕድሜ ላይ ከተሰበሰቡ፣ ዚርኮኑም የተደራረበ ቀለበት ካሳየና የቶሪየም–ዩራኒየም ጥምርታው ከ0.1 በላይ ከሆነ ያ የግራናይቱ ልደት ነው። ዕድሜዎቹ ከተበታተኑ ወይ አሸዋ ድንጋይ ነው ወይ ከዝቃጭ የተለወጠ ናይስ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቲን ሴክሽኑ ይፈርዳል። በኢትዮጵያ መሠረት ድንጋይ አብዛኛው ዕድሜ ከ880 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት መካከል ይጠበቃል። በምሥራቁ ከዚህ የሚቀድም ቅርፊት ምልክት ስላለ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆነ እምብርት ሲገኝ እንደ ስህተት አይጣል። በአስር ሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ግን ከወጣ መጀመሪያ ቤንቶናይቱን ጠርጥሩ።

አምፊቦላይት ዚርኮን ላይሰጥ ይችላል፤ ሆርንብሌንዱ በአርጎን ዘዴ ይለካል። የባዮታይት ዕድሜ የሚነግረው ድንጋዩ ከ300 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘበትን ጊዜ ነው። በቆዩ ሪፖርቶች ላይ ወደ 500 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የባዮታይት ዕድሜ «የመሠረቱ ዕድሜ» ተብሎ ቢገኝ የመቀዝቀዣ ዕድሜ ተደርጎ ይነበብ።

መዝገቡ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቴኔኮ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ በሶቪየት የነዳጅ ፍለጋ ቡድን የተቆፈሩትን የኦጋዴን ጉድጓዶች ዛሬ እንደገና የሚያጠና ሰው የሚፈልገው የያኔውን ድምዳሜ ብቻ አይደለም፤ ድምዳሜው በምን ላይ እንደቆመም ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የጉድጓዱ ስም፣ ከየት እስከ የት ሜትር፣ የታረመው የመውጫ ጊዜ፣ የቢቱ ዓይነት፣ የጭቃው ዓይነትና የተጨመሩ መድፈኛዎች ይጻፉ። ጽሑፉ በእርሳስ በተጻፈ ካርድ ከረጢቱ ውስጥም ይግባ፤ የማርከር ቀለም በሙቀት መጋዘን ውስጥ ይጠፋል። ጥልቀቱ ከመሰርሰሪያው ወለል ነው ወይስ ከባሕር ጠለል የሚለውም አብሮ ይመዝገብ። ካልታጠበው ናሙና ቢያንስ ግማሹ ሳይነካ ይቀመጥ።